ዋንዛውን አታስቆርጡት

ሲያትል
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሚጣዬ፤

እንደምን ከርማችኋል? እማዬ ደህና ናት? አባባስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ሰላምታውን በዚህ ላሳጥረውና ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ትናንት በስልክ የነገርሽኝ ነገር ሥራ ላይ ሆኜ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ ነው ያደረው።

ዋንዛው ሊቆረጥ ነው አልሽኝ። ለድንኳኑ ቦታ እንዲለቅ፣ ጣውላው ደግሞ የሰርጉን ወጪ እንዲደጉም። ነጋዴው መጥቶ ግንዱን አቅፎ ለክቶታል፣ ቅዳሜ ሰዎቹን ከነመጋዛቸው ይዞ ይመጣል አልሽ። አንቺ ስታወሪው እንደ ማንኛውም የሰርግ ዝግጅት ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ምን እንዳወራን አላስታውስም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ስሚኝ። ገንዘብ ልኬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ከሥራ እንደወጣሁ ነው የላክሁት፤ በእማዬ ስም ነው፣ መታወቂያዋን ይዛ ባንክ ትሂድ። ገንዘቡ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ለአባባ ዓይን ነው፤ ከእሱ ላይ ለምንም ጉዳይ ቢሆን አምስት ሳንቲም እንዳይነካ። ሌላው ለሰርግሽ ነው። ነጋዴው ቀብድ ሰጥቶ ከሆነ መልሱለት፤ ደክሜበታለሁ ካለም ትንሽ ጨምሩለትና በሰላም ይሂድ። ዋንዛውን ግን አታስቆርጡት።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን እማዬ ስልኩን ትቀበልሽና ሁለታችንም ማልቀስ እንጀምራለን፣ ነገሩ ሳይነገር ኔትወርኩ ይቆረጣል። ለዚህ ነው በወረቀት ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም የላክሁልሽ። ለሁለቱም አንቺ ታነቢላቸዋለሽ፤ አባባ አሁን ፊደል እንደማይለዩ ነግረሽኛል። ከዚህ በታች ያለውን ግን እስካሰመርኩበት ድረስ ለብቻሽ አንብቢው። አደራ።

አራት ወር ጠፋህ ብላችሁ ተቀይማችኋል። እማዬ «ባሕር የተሻገረ ልጅ እንደሞተ ነው» ብላ ለጎረቤት መናገሯን ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቃሉ አሞኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ በወሩ መጨረሻ ሳልልክ የቀረሁበት ጊዜ ስንት ነው? እኔም እኮ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ እኔም እታመማለሁ... ተይው። እሷ ስለ ገንዘቡ እንዳልተናገረች አውቃለሁ። ድምፄን ነው ያጣችው። ይቅር በሉኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ተራራ ሄድን። ሬይኒየር ይባላል፤ የጥንቶቹ ባለሀገሮች ታሆማ ነው የሚሉት። ጫፉ 4,392 ሜትር ነው። ራስ ዳሸን ይበልጠዋል፣ ይህኛው ግን ዓመቱን ሙሉ በረዶ እንደለበሰ ነው። እኛ እስከ ጫፉ አልወጣንም፤ መኪና እስከሚደርስበት፣ ፓራዳይዝ እስከሚባለው ቦታ ሄደን ከዚያ በእግራችን ሜዳ ለሜዳ ልንዞር ነበር። አበባው ገና መፈንዳቱ ነው። ቢጫው፣ ነጩ፣ ወይን ጠጁ፤ በመስከረም ከቦዬ ረግረግ ማዶ ያለው ሜዳ ድቅን አለብኝ። ሰሌዳው ላይ የቦታውን ከፍታ በጫማ ጽፈውታል፤ ወደ ሜትር ስቀይረው 1,646 ገደማ ሆነ። ሚጣዬ፣ ጅማ ከ1,700 በላይ ናት! እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ከዚያ በረዶ ከፍ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ጅማ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ከምናምን ብቻ ነው የምትርቀው፣ ይህ ቦታ ግን ወደ 47 ይጠጋል። ትምህርት ቤት ካርታ ላይ ያየሁት መስመር እግሬ ስር በረዶ ሆኖ ሳገኘው ገረመኝና ቆሜ ቀረሁ።

ከክረምት የተረፈ በረዶ መንገዱን አቋርጦ ተኝቷል። ላይ ላዩ በፀሐይ ቀልጦ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። አዳለጠኝ፣ በቀኝ እጄ ተደገፍኩ፣ አንጓዬ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚያሰማው ነው። ስድስት ሳምንት በጄሶ ታስሬ ቆየሁ። ሥራዬ ዕቃ ማንሳት ነው፤ በአንድ እጅ የሚሠራ አይደለም። ጄሶው ከተፈታ በኋላም ጣቶቼ ብዕር እንኳ አልይዝ ብለው ነበር። ቤት የምንጋራው ልጆች ኪራዬን ተከፋፍለው ከፈሉልኝ፣ እየቆረሱ አበሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ዕዳቸውን እየከፈልኩ ነው። አሁን ድኛለሁ፤ ሲበርድ ብቻ ይጠዘጥዘኛል። ይህን የምጽፍልሽ በእሱው እጅ ነው፣ ፊደሌ ከተንጋደደብሽ ለዚያ ነው።

ባዶ እጄን ደውዬ ምን እላለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ቪዲዮ አብራ ብትሉኝ ጄሶውን ታዩታላችሁ፤ እማዬ ደሟ ከፍ ይልባታል። እሷን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ዝም ያልኩበት አራት ወር ዋንዛውን ለመጋዝ እንደሚያበቃው ምን አውቄ።

————————

አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢ። ይህ ለአባባ ነው።

አባባ፣ እንዴት ነዎት? ስልክ ላይ ሁልጊዜ «እዚያ መሬት አለ ወይ?» ይሉኛል፣ እኔም በችኮላ «አለ» ብዬ አልፈዋለሁ። ዛሬ በደንብ ልንገርዎት።

እዚህ ስመጣ በስሙ የማውቀው አንድም ዛፍ አልነበረም። ዛፉ ሁሉ ረጃጅም፣ ጥድ ጥድ የሚሸት፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ ነው። ዳግላስ ፈር የሚሉት ከ60 ሜትር በላይ የሚደርስ አለ፤ ጫፉን ለማየት አንገት ይታመማል። በሁለተኛው ዓመቴ ከከተማው ዳር ባለ ጫካ ውስጥ ስሄድ እጄን አንድ ነገር ለበለበኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ ሳማ ነው! የእኛው ሳማ፤ ቅጠሉ ዳር ዳሩን እንደ መጋዝ ጥርስ፣ አገዳው ላይ ያ የሚናደፍ ጸጉሩ። እጄ ሽፍ ብሎ እየተቃጠለ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ መነሳት አልፈለግሁም። በዚህ ሀገር ስሙን አውቄ የጠራሁት የመጀመሪያው ተክል እሱ ነው። እማዬ ከአጥሩ ስር ቱልት ቀጥፋ፣ በመዳፏ ጨምቃ እንደምታሸን ትዝ አለኝና ዙሪያውን ፈለግሁ። አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቱልት የመሰለ ሰፊ ቅጠል አገኘሁ፤ ጨምቄ ቀባሁት። ማቃጠሉ ይቁም አይቁም አላስተዋልኩም፣ የእማዬን እጅ እያሰብኩ ነበር።

ሌላ ያየሁት ነገር አለ፤ እሱን እርስዎ ቢያዩት ይወዱት ነበር። በዚህ ጫካ ዛፍ በእርጅና ሲወድቅ ማንም አያነሳውም። ግንዱ ባለበት እየበሰበሰ ሽበት ይለብስና፣ ጀርባው ላይ ዘር ይወድቅበታል። ጥቃቅን ችግኞች በወደቀው ግንድ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰልፈው ይበቅላሉ፤ ልክ እርስዎ ገመድ ወጥረው የሚያስተካክሉት የቡና ችግኝ መደብ ነው። ከስንት ዘመን በኋላ ግንዱ አፈር ሆኖ ሲያልቅ ያደጉት ዛፎች በአንድ መስመር ቆመው ይቀራሉ። መጀመሪያ ሳየው ሰው የተከለው መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ በሸቤ በኩል ወደ በለጠ ጫካ የወሰዱኝን ቀን አስታወስኩ። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እያንጨባረሩ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ፣ ከላይ ቀፎ ተሰቅሎ፣ ከታች ቡናው በየጥሻው በቅሎ አይቼ «ይህን ማን ተከለው?» ብዬ ጠየቅሁዎት። ምንም አልመለሱልኝም፤ ጣትዎን ብቻ ወደ ላይ አነሱ።

አሁን ደግሞ የራሴ ቁራሽ መሬት አለችኝ። የከተማው አስተዳደር ለነዋሪው ለጓሮ አትክልት የሚያከራየው ቦታ ነው፣ ፒ-ፓች ይሉታል፤ በእነሱ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ ያለ ነው። ተራ ጠብቄ ነው የደረሰኝ። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ናት፤ እርስዎ አንድ ቀን ጠዋት ኮትኩተው የሚጨርሷት። የኬሚካል መድኃኒት መርጨት ክልክል ነው። የሐበሻ ጎመን ዘርቼ በሁለት ወር ደረሰልኝ፣ ጤና አዳምም ይዞልኛል። ቃሪያው ግን ሳይፋፋ ብርድ ይቀድመዋል። የሚያስቸግረኝ ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ነው። የእረፍት ቀኔ ማታ በባትሪ እየፈለግሁ አንድ በአንድ በእጄ እለቅማለሁ፤ አንድ ሌሊት ብዘነጋ ጎመኑ ወንፊት ሆኖ ያድራል።

ከጎኔ ያለችው ባለመሬት ከቬትናም የመጣች አሮጊት ናት። ቋንቋ አንግባባም። እሷ ድንብላል ታቀብለኛለች፣ እኔ ጎመን እሰጣታለሁ። ባለፈው ወር መሬቷን በረገፈ ቅጠል ስትሸፍን አየኋትና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አባባ፣ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እርስዎን ለማስደሰት ብዬ ቡናው ስር ያለውን ቅጠል ሁሉ ጠርጌ አቃጠልኩት። እርስዎ ከገበያ ሲመለሱ አመዱን አይተው «መሬቱን ራቁቱን አስቀረኸው» አሉኝ። እኔ ንጹሕ ያደረግሁት መስሎኝ ስለነበር ለብዙ ዓመት ቂም ይዤብዎት ኖሬያለሁ። ቡና ትቼ ከተማ የመረጥኩት፣ ከከተማም አልፌ እዚህ የመጣሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል። ዘንድሮ የእኔም ቁራሽ መሬት በቅጠል ተሸፍናለች። እጄን ከቅጠሉ ስር ሳስገባ አፈሩ ይሞቃል፤ ትሎቹ ይርመሰመሳሉ። ያኔ ምን ሊያስተምሩኝ እንደፈለጉ ገብቶኛል።

ስለ ዋንዛው እርስዎ ምን እንዳሉ ሚጣን ጠይቄያት ነበር። «አባባ ዝም አሉ» አለችኝ። የእርስዎን ዝምታ እኔ አውቀዋለሁ። ከሥሩ ያሉት አሥራ አንድ እግር ቡና ምን እንደሚሆኑ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥላ ያጣ ቡና በመጀመሪያው ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራል፣ ሰው ይደሰታል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ እየደረቀ ይመጣል። ይህን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። በ1960ዎቹ የቡናው በሽታ ገብቶ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ሲረግፍ አያታችን እንዴት እንዳለቀሱ፣ በኋላ ከመልኮ ምርምር ጣቢያ 74110 የሚባለው በሽታውን የሚቋቋም ችግኝ ሲመጣ እርስዎ በሸክም እንዳመጡት ስንት ጊዜ ነግረውኛል። እነዚያ ቡናዎች ናቸው ዋንዛው ስር ያሉት። ለሰርጉ ብለው፣ እኔም ስለጠፋሁ፣ ክፉ ላለመናገር ዝም እንዳሉ ይገባኛል። አሁን ገንዘቡ መጥቷል። እባክዎ አፍዎን ይክፈቱና አይቆረጥም ይበሉ።

ስለ ዓይንዎ ደግሞ አይፍሩ። የዓይን ሞራ በጣም የሚታወቅ በሽታ ነው። ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው የደፈረሰውን ያወጡና በምትኩ ጥርት ያለ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባሉ፤ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፣ ምክንያቱም እርስዎ አርፈው አይቀመጡም። ጎንበስ ብለው እንዳይኮተኩቱ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ ዓይንዎን እንዳያሹ፣ ጢስና አቧራ ካለበት እንዳይጠጉ። የቡናው ለቀማ ዘንድሮ በእርስዎ እጅ ባይሆን ምንም አይደለም፤ የቀን ሠራተኛ ይቀጠር። የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ሰዓቱን ሳያሳልፉ እማዬ ታድርግልዎት። እማዬ፣ እሺ ካላሉ ለእኔ ደውይልኝ።

አባባ፣ ሰባት ዓመት ነው ፊትዎን በደንብ ያላየሁት። እርስዎም የእኔን ፎቶ በጣትዎ ዳብሰው «ይህ እሱ ነው?» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። መጋረጃው ከዓይንዎ ተነስቶ ጓሮ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት ጉቶ እንዳይሆን ነው የምለምነው።

ሚጣዬ፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

ጥር 17፣ እሁድ። ቀኑን ግድግዳዬ ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። በር ላይ ቆሞ ሰርገኛ አላስገባም ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። የአጋሮው ልጅ፣ ጨዋ ነው ትላለች እማዬ፣ እኔን ሳያሳምን መግባት አልነበረበትም። እንደማልመጣ ስነግርሽ «ፈቃድ ከልክለውኝ ነው» ብዬሻለሁ። እውነቱ ወረቀቴ አላለቀም፤ አንዴ ከወጣሁ የምመለስበት በር የለኝም። ይህን ለእማዬ አስረጃት፣ ግን ጊዜ ጠብቀሽ፤ ከሰርጉ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ይቺንም መስመር ለራስሽ አንብቢያት።

ድንኳኑን በተመለከተ አስቤበታለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳስለው ነበር ማለት እችላለሁ። የእድሩ ትልቁ ድንኳን በፊት ለፊቱ ግቢ ይተከል። ትንሹ ደግሞ ከጉድጓዱ ወዲህ፣ ዋንዛው ጥላውን በሚጥልበት በኩል ይሁን፤ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚታረደውና የሚሠራው ለብቻው ስለሆነ ሐጂና ቤተሰባቸው እዚያ ጥላው ስር ይቀመጣሉ። ሐጂ በዚያ ዛፍ ስር ከአባባ ጋር ስንት ዓመት ቡና ጠጥተዋል! ሽቦ ለመወጠር ግንዱ ላይ ሚስማር እንዳይመቱ ብቻ፤ በገመድ ይታሰር።

ያንን ዛፍ ማንም አልተከለውም። አባባ ቡና ሲኮተኩቱ በቅሎ አገኙት፤ እማዬ «ንቀለው» ስትል «ይቆይ» አሉ። እኔና አንቺ ፍሬውን እየላስን አፋችን ሲጣበቅ፣ በሙጫው የደብተራችንን ሽፋን ስንለጥፍ ታስታውሻለሽ? አንቺ አንዴ በሙጫው ጸጉርሽን አጣብቀሽ እማዬ በመቀስ ቆረጠችሽ፣ እኔ ነበርኩ ያሳሳትኩሽ። አበባው ሲፈካ ዛፉ ከላይ እስከ ታች ነጭ ይለብስና ንቡ ሲተምበት ድምፁ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አንቺን ሙሽራ ሆነሽ ሳስብሽ ከዚያ ዛፍ ስር ነው የምትቆሚው። ፎቶውን እዚያ ተነሺልኝ። ከባልሽ ጋር አንድ፣ ከአባባ ጋር አንድ።

ደብዳቤው ሳይደርስሽ ነጋዴው ቀድሞ ቆርጦት ከሆነ ግን አትደብቂኝ። ለእኔ ተብሎ የሚዋሽ ውሸት አልፈልግም፤ እኔ ዋሽቼ ያመጣሁትን አይቻለሁ። ጉቶውን ብቻ እንዳያስነቅሉት። ዋንዛ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ አባባ ያውቁታል፤ የሐጂ ፍየሎች እንዳይቀነጥቡት ዙሪያውን በእሾህ እጠሩት።

እሁድ በእናንተ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እዚህ ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ነው፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት። ስልኩን እንዳነሳሽ ሰላም አትበዪኝ። ወደ ጓሮ ይዘሽው ውጪና እጅሽን ዘርግተሽ ከፍ አድርጊው። መጀመሪያ ዋንዛው ላይ ያሉትን ወፎች ልስማቸው።

ወንድምሽ